የድምፅ ማጉያው ማግኔትና የሐረር የድምፅ ቅርስ



በጀጎል፣ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሐረር ሙዚየም ከጥንታዊ የብራና ጽሑፎች ጋር የቆዩ የዜማ ቅጂዎችን ይጠብቃል። ቅጂው ጠባቂ አግኝቷል። ዜማው ይደመጥባቸው የነበሩት ድምፅ ማጉያዎች ግን ከቁርጥራጭ ብረት ጋር የመመዘን ዕጣ ያሰጋቸዋል።

የቀድሞዎቹ ዉፈሮች ማግኔት አልኒኮ ይባላል፤ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ከብረት ጋር የተዋሐዱበት ቅይጥ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በያኔዋ ዛየር በሻባ ግዛት ጦርነት ተነሥቶ የኮባልት ዋጋ ሲንር፣ አምራቾች በብዛት ወደ ርካሹ ፌራይት ዞሩ።

አፈላላጊው እንዴት ይለያቸዋል? ፌራይት ሰፊና ጠፍጣፋ ጥቁር ቀለበት ነው። አልኒኮ ጠበብና ረዘም ያለ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በብረት ቆብ ውስጥ ይደበቃል። ቆቡ የማግኔቱን ኃይል ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ፣ ከውጭ ያስጠጉትን ምስማር እምብዛም አይስብም። «ማግኔቱ ሞቷል» ተብሎ የሚጣለውም በዚህ ምክንያት ነው። ለማረጋገጥ ብሎ መፍታት ደግሞ ይብሱን ያዳክመዋል፤ የተዳከመውን ግን እንደገና በማግኔት ኃይል መሙላት ይቻላል።

እናንተ ተማሪዎች ወደ ሬዲዮ ጠጋኞች ስትሄዱ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የዕቃውን ጽሑፍና የመጣበትን ቤት መዝግቡ። ታሪክ የሌለው ዉፈር ብረት ብቻ ነው።