ባዶ ነው ስለሚባለው የብረት ገንዳ



በፋብሪካ ግቢ ወይም በጭነት መኪና ላይ፣ ከላይ ክዳን ከታች ቧንቧ የተበጀለት አራት ማዕዘን የብረት ገንዳ ሳታዩ አልቀራችሁም። አልኮል ወይም የቀለም ማቅጠኛ ተሞልቶ ይሄዳል፤ ተራግፎ ይመለሳል፤ ዳግመኛም ይሞላል። ትልቁ እስከ 3000 ሊትር ይይዛል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ገንዳ ምርመራ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አደገኛ ዕቃዎች ማጓጓዝ የሚያወጣው ምክር እ.ኤ.አ. በ1956 መጀመሪያ የታተመ ሲሆን፣ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ምክር መሠረት ፈሳሽ የሚጫንበት የብረት ገንዳ ቢዘገይ በየሁለት ዓመት ተኩል ከውጭ ይመረመራል፤ እንዳያፈስም ይፈተናል። በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ውስጡ ጭምር ይታያል። ከውጭ ቀለሙ ያማረ ገንዳ ከውስጥ ዝገት በልቶት ሊገኝ ይችላልና።

ይሁን እንጂ ከዝገቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ባዶ ነው» የሚለው ቃል ነው። ሙሉ በሆነ ገንዳ ውስጥ ለእሳት የሚበቃ አየር አይኖርም። በተራገፈው ውስጥ ግን በግድግዳው ላይ የቀረው ጥቂት ፈሳሽ ተን ሆኖ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ስለዚህ ገንዳው ሳይታጠብ፣ አየር ሳይገባበትና ተኑ በመሣሪያ ሳይለካ ብየዳ አይጠጋውም፤ ሰውም አንገቱን አያስገባም። አፍንጫ በዚህ ነገር ዳኛ ሊሆን አይችልም። ተዘግቶ የቆየ ገንዳ ዝገቱ ራሱ ኦክሲጅኑን ስለሚጨርሰው፣ ምንም ሳይሸት ሰው ይጥላል፤ ጓደኛውን ሊያወጣ ዘሎ የገባውም ከጎኑ ይወድቃል።

ለማፍሰስ ፈተናው ገንዳው በአየር ይነፋል። ግፊቱ ከ20 ኪሎፓስካል ማነስ የለበትም፤ ጊዜውም ቢያንስ 10 ደቂቃ ነው። በብየዳው መስመር፣ በክዳኑና በቧንቧው ዙሪያ የሳሙና ውኃ ይቀባል፤ አረፋ የነፋ ቦታ ቀዳዳ አለበት ማለት ነው። 20 ኪሎፓስካል ከከባቢው አየር ግፊት አንድ አምስተኛ ያህል ስለሆነ ለጆሮ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወርዱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ክዳን በዚህ ግፊት ወደ 400 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። አየሩ ሳይተነፍስ ቡሎኑን የሚፈታ ሠራተኛ ፊቱን በዚህ ኃይል ፊት አቆመ ማለት ነው። አዲስ ዓይነት ገንዳ ከመፈቀዱ በፊት እስከ 200 ኪሎፓስካል በሚደርስ ግፊት ሲፈተን አየር ተትቶ ውኃ የሚሞላበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ውኃ እንደ አየር ታምቆ አይፈነዳም።

ምርመራው ሲያበቃ ወሩና ዓመቱ በገንዳው ላይ ይጻፋል፤ መዝገቡም ቢያንስ እስከሚቀጥለው ምርመራ ይጠበቃል። ቀኑ ያለፈበት ገንዳ አይሞላም። ከቀኑ በፊት ተሞልቶ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፣ የያዘውን እንዲያደርስ እስከ ሦስት ወር ይፈቀድለታል።