የኮንሶ ድንጋይና የአርባ ቀን እድል
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ወደ ሂሳብ ሪፖርቱ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ድንጋይና ስለ አንድ የእንጨት ሐውልት ጥቂት ላውራችሁ።

ከአርባ ምንጭ ባሻገር፣ በኮንሶ መንደሮች ሞራ የሚባል የሕዝብ አደባባይ አለ። በዚያም ከባድ ክብ ድንጋይ ይቀመጣል። ጎረምሳው ለአቅመ አዳም መድረሱን የሚያሳየው ያን ድንጋይ አንስቶ ከራሱ በላይ በመወርወር ነው። ጀግና የተባለ ሰው ሲሞት ደግሞ ከእንጨት የተቀረጸ ዋካ የሚባል ሐውልት ይቆምለት ነበር። መሃል ላይ እሱ፣ በግራና በቀኝ ሚስቶቹ፣ አብረውም የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ይቀረጹ ነበር። የኮንሶ እርከንና መንደሮች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ሲመዘገቡ ይህ የዋካ ባህልም አብሮ ተወስቷል።

ዋካውን ያየ ሰው «ሲፈጠር ጀግና ነው፤ የአርባ ቀን እድሉ ነው» ሊል ይችላል። ዋካው የሚያሳየው ግን መጨረሻውን ብቻ ነው። ድንጋዩ አልነሳ ብሎት የተመለሰባቸው ቀኖች እንጨቱ ላይ የሉም። ሚስቶቹም ከጎኑ ቆመው ይታያሉ እንጂ የተሸከሙት ሸክም አይታይም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዚህ ሩብ ዓመት ሦስት እህቶች ቁጠባቸውን አቋርጠው «እድሌ ነው፣ ስሜን ሰርዙልኝ» ብለዋል። ሕመምና የዝናብ መጥፋት ከአቅማችን በላይ መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። አንዷ እህታችን ከ24 ወር ውስጥ 21 ጊዜ ከፍላለች። 21ዱን ትተን 3ቱን ብቻ «እድል» ካልነው ሂሳቡ ትክክል አይመጣም።

እኛ እንሰት የምንተክል ሴቶች ነን። በተከልንበት ዓመት ቆጮ አንጠብቅም፤ እያዛወርን፣ ፍግ እየጨመርን ዓመታት እንታገሳለን። ቅጠሉን አመዳይ ቢመታውም «እድሌ ነው» ብለን አንነቅለውም።

ስለዚህ የሦስቱ ስም እንዳይሰረዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለስድስት ወር እንደ አቅማቸው ይክፈሉ፤ አሥር ብርም ብትሆን በስማቸው ትጻፍ። የጎደለውን ቀስ ብለው ይሙሉ። ድንጋዩን ዛሬ ማንሳት ያቃታትን እህት ከአደባባዩ አናስወጣት።

በድምፅ እንድትወስኑበት እጠይቃለሁ።