የሚያዛምተው ብረቱ አይደለም
(ስለ ጨጓራ ካንሰር በጅማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በቡና ለቀማ ወራት፣ ከአጋሮ ከተማ ወዲያ ባለች አንዲት አጥቢያ፣ የውኃ ኮሚቴያችንን ገንዘብ ያዥ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል «ጨጓራዬ ነው» እያሉ ማስታገሻ ሲውጡ ኖረዋል። ሲመነምኑ ጾሙ ነው ተባለ፤ ጥቂት ቀምሰው ሲጠግቡ ዕድሜ ነው ተባለ። በኋላም ሐኪም ከጨጓራቸው ናሙና ሊወስድ ሲል «ብረት ከነካው ይዛመታል» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በስድስተኛው ወር ሕመሙ ጉበታቸውን ይዞ ተገኘ። ያን ምክር የሰጧቸው ከእኛው መካከል ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህ ነው።

ሐኪም አይደለሁም፤ ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የምነግራችሁ። የሚያዛምተው ብረቱ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰውነታችን ከሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ባለው መመሪያ መሠረት ልዩ ልዩ ፕሮቲኖችን ይሠራል። ፕሮቲን ሲባል የሥጋና የባቄላ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ፤ አንዱ ሕዋሳትን ያያይዛል፣ ሌላው መልእክት ይቀበላል፣ ሌላው ያረጀውን ያፈርሳል። ጤናማ ሕዋስ የትኛውን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚሠራ ልክ አለው። በካንሰር ሕዋስ ይህ ልክ ይፈርሳል።

የጨጓራን ሕዋሳት ጎን ለጎን ከሚያያይዙት ዋነኛው ኢ-ካድሄሪን ይባላል። እናንተ የቡና አገር ሰዎች ናችሁና ቡናን ተመልከቱ። አረንጓዴው ፍሬ ቅርንጫፉን አጥብቆ ይይዛል፤ የበሰለው ግን ቢነኩት ይለቃል፣ ከረገፈም ጎርፍ ወደ ወሰደው ይሄዳል። በቡና መልቀቁ በረከት ነው፤ በጨጓራ ግን መቅሠፍት። ኢ-ካድሄሪን ሲያንስ ወይም ሲጠፋ የካንሰሩ ሕዋስ ከጎረቤቱ ይላቀቃል። በዚያም ላይ በዙሪያው ያለውን ሽፋን የሚያሟሙ ፕሮቲኖችን ያበዛል፤ የደም ሥሮች ወደ እርሱ እንዲያድጉ የሚጠራውን ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለውንም ያመነጫል። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ በደምና በሊምፍ ፈሳሽ ወደ ጉበት፣ አንዳንዴም በግራ በኩል ከአንገት ሥር ወዳለው ንፍፊት ይደርሳል፤ ወይም በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ይዘራል። ይህ ሁሉ ምንም ብረት ሳይነካው የሚሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ፣ በጨጓራ ካንሰር ብዙ ሰው ባለቀበት በአንድ የማኦሪ ቤተሰብ፣ የኢ-ካድሄሪን መመሪያ ተበላሽቶ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወረስ ተገኘ። እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። በአብዛኛው በር ከፋቹ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያም ካግ-ኤ የተባለ የራሱን ፕሮቲን ወደ ጨጓራ ሕዋስ አስገብቶ ያንኑ መያያዣ ያላላል። ባክቴሪያው ያለበት ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን አይይዘውም። ነገር ግን በመድኃኒት የሚጠፋ ነው።

ናሙናውስ ለምን ያስፈልጋል? ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚረጋገጠው በእርሱ ነው። ደግሞም በአንዳንድ ሕሙማን ሄር-ቱ የተባለው ፕሮቲን ከልክ በላይ ይበዛል። እርሱን የሚያግደው ትራስቱዙማብ፣ ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ፣ ሕመሙ ለተሠራጨባቸው ሰዎች ዕድሜን ከ11 ወር ወደ 14 ወር ገደማ እንዳራዘመ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ሦስት ወር ጥቂት ነው፤ መድኃኒቱም ውድ ነው። ሳይሠራጭ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ከዚህ እጅግ ይሻላል፤ ገንዘብ ያዣችን ያመለጣቸውም ይህ ነው።

አባቶቼ፣ ሕመምተኛ ከሐኪም በፊት የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው። «ጨጓራዬ» ሲልዎ፣ ከስቶ እንደ ሆነ፣ ቶሎ ይጠግብ፣ ያስመልሰው፣ ምግብ መዋጥ ያስቸግረው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁር እንደ ሆነ ይጠይቁት። ከእነዚህ አንዱ ካለ ጠበሉን እየተጠመቀ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሰበካ ጉባኤያትም ከሊሙ፣ ከጌራና ከአጋሮ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለሚላኩ ድሆች የመሳፈሪያና የማደሪያ ገንዘብ ቢመድቡ መልካም ነው።

አንዲት እናት ባለፈው ስብሰባ «ቡናችን ይሆን ያመጣብን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን መርምሮ ቡና ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚያበቃ አላገኘም። ከ65 ዲግሪ በላይ የሚፋጅ መጠጥ ግን ጉሮሮን ሳይጎዳ እንደማይቀር ተናግሯል። እንግዲህ እናቴ፣ አቦሉን ጥቂት በረድ አድርገው ይጠጡ።