መኪናው ቤት ከመግባቱ በፊት ሽቦው ይታይ

አቅራቢ 1፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆኖ መኪናውን እቤቱ ቻርጅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከምን ይጀምር?

አቅራቢ 2፦ ከመኪናው መሰኪያ! ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለው አላቸው፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ታይፕ 2።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ አዳፕተር ገዝቶ ማገናኘት ነዋ!

አቅራቢ 2፦ አዳፕተር ቅርጹን ያገናኛል እንጂ የቤቱን ሽቦ አያወፍርም። ላዩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ማንበብ ያስፈልጋል።

አቅራቢ 1፦ ግን እኮ እህቴ፣ ብዙ ቤት ያለው ተራ ሶኬት ነው።

አቅራቢ 2፦ እሱም ይሠራል። በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል። ባለ 44 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ቢያንስ 20 ሰዓት ይፈልጋል።

አቅራቢ 1፦ ኧረ በዛ!

አቅራቢ 2፦ ባትሪው ባዶ ከሆነ ነው። ማታ ሰክቶ ማደር ለብዙው ሰው ይበቃል። በመንዝ ውርጭ ግን ትንሽ ይዘገያል።

አቅራቢ 1፦ በኤክስቴንሽን ግቢ ድረስ መዘርጋትስ?

አቅራቢ 2፦ በፍጹም! ለሰዓታት ኃይል ሲጫነው ይግላል፤ ሊቀልጥ፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሶኬቱ ለብቻው የተሳበ ወፍራም መስመር፣ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው።

አቅራቢ 1፦ በዚህ እስማማለሁ። አድማጮቻችን፣ አዳፕተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን ለባለሙያ አሳዩ።