«እንዲህ የሚባል ቃል የለም»፦ አዳዲስ ቃላት በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚወለዱ



ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ውስጥ «ስቲለር» የሚል ቃል ጽፎ አመጣ። ሌባ ማለቱ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩትና ከጎኑ «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ በትሕትና፣ «መምህር፣ ‹ቲች› ካለ ‹ቲቸር› አለ፤ ‹ድራይቭ› ካለ ‹ድራይቨር› አለ፤ ‹ስቲል› እያለ ‹ስቲለር› ስለምን ይከለከላል?» አለኝ። እኔም «መዝገበ ቃላት ተመልከት» ብዬ ሸኘሁት። ይህ መልስ አልነበረም። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ለልጁ ፍርድ እንስጠው። የሠራው ስሌት ነው። በእንግሊዝኛ ከግሥ መጨረሻ «-ኧር» የሚለውን ቅጥያ እየጨመሩ የድርጊቱን ባለቤት መሰየም ዛሬም ሕያው የሆነ ሥርዓት ነው፤ ትናንት የተፈጠረ ግሥ እንኳ ቅጥያውን ይቀበላል። «ብሎግ» የሚለው ቃል ገና ከመለመዱ «ብሎገር» ተከተለው። ሁሉም ቅጥያ ግን እንዲህ አይደለም። ከ«ዋርም» «ዋርምት»ን፣ ከ«ዋይድ» «ዊድት»ን ያወጣው ቅጥያ ልጆቹን ትቶልን ራሱ ሞቷል። ዛሬ በእርሱ አዲስ ስም የሚያበጅ ሰው ቢገኝ ለቀልድ ነው። እኛ መምህራን የቅጥያ ዝርዝር ስናስሸመድድ የትኛው እንደሚተነፍስ፣ የትኛው እንደማይተነፍስ አንናገርም፤ ተማሪው በራሱ እንዲደርስበት እንተወዋለን፤ ሳይደርስበት ሲቀር ደግሞ ነጥብ እንቀንሳለን።

ታዲያ ሥርዓቱ ሕያው ከሆነ «ስቲለር»ን ምን ያዘው? ማርክ አሮኖፍ በ1976 ባሳተመው የቃላት ምሥረታ ጥናቱ ለዚህ ክስተት ስም ሰጥቶታል፤ እኔ በአማርኛ «መንገድ መዝጋት» እለዋለሁ። «ቲፍ» የሚባል ጥንታዊና ዘወትር ከአፍ የማይጠፋ ቃል በወንበሩ ላይ ተቀምጧልና አዲስ መጪው መቀመጫ አያገኝም። «ኩክ»ም እንዲሁ ነው። ምግብ የሚያበስለው ሰው ራሱ «ኩክ» ስለተባለ «ኩከር» የሚለው ስም ለማብሰያው ዕቃ ተረፈ።

እዚህ ላይ በራሴ ላይ መመስከር አለብኝ። ልጁ ምክሬን ሰምቶ ትልቅ መዝገበ ቃላት ገልጦ ቢሆን ኖሮ «ስቲለር»ን ያገኘው ነበር። በቴአትርና በፊልም ዓለም ዋናውን ተዋናይ አስረስቶ የተመልካቹን ዓይን የሚወስድ ሰው «ሲን ስቲለር» ይባላል። ይህ ሰው ሌባ አይደለምና «ቲፍ» መንገድ ሊዘጋበት አይችልም። የሚዘጋው ትርጉሙ እንጂ ቅርጹ አይደለም። በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር እንግዲህ ቃል በቃል ሐሰት ነበር።

ስለ ጥምር ቃል አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ለእኛ እምብዛም እንግዳ አይደለምና። በእንግሊዝኛ የጥምሩ ጌታ የሚቆመው ከኋላ ነው፤ «ሀውስቦት» የጀልባ ዓይነት ሲሆን «ቦትሀውስ» የቤት ዓይነት ነው። እኛ ሁለቱንም በር እናውቃለን፤ «ቡና ቤት» ስንል ቤቱን ከኋላ፣ ከግእዝ በወረስነው ሥርዓት «ቤተ መጻሕፍት» ስንል ደግሞ ከፊት እናቆመዋለን።

አሁን እኔን ይበልጥ ወደሚማርከኝ ነገር ልምጣ፤ ከስህተት ወደሚወለደው ቃል። «ሀምበርገር» ከጀርመኗ የሀምቡርግ ከተማ ስም የወጣ ነው፤ ትክክለኛ ስፌቱ ከ«ሀምቡርግ» በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ሀም» የሚለውን ድምፅ ሲሰማ የአሳማ ሥጋ መሰለውና ቃሉን ከመካከሉ ቆረጠው፤ ምግቡ ከበሬ ሥጋ መሠራቱ አላገደውም። የተረፈው «በርገር» ራሱን ችሎ ቆመ፤ «ቺዝበርገር»ም ተከተለው። የ«ሄሊኮፕተር» ዕጣም ይኸው ነው። ፈረንሳዊው ፖንቶን ዳሜኩር በ1861 ቃሉን ከግሪክኛ ሲያበጀው ስፌቱ በ«ሄሊኮ» እና በ«ፕተር» መካከል፣ ማለትም በጥምዝና በክንፍ መካከል ነበር። እንግሊዝኛ «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ከፈለው፤ «ሄሊፓድ» እና «ሄሊፖርት» ከዚህ ከሳተ መቀስ የተገኙ ናቸው።

ለእኛ ለሴማዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ግን ከሁሉ የሚያስደነግጠው «አልኮሆል» ነው። ምንጩ ዐረብኛው «አል ኩሕል» ነው፤ «አል» የእሙርነት አመልካች፣ «ኩሕል» ደግሞ እናቶቻችን ዓይናቸውን የሚኳሉበት የኩላችን ዘመድ። የደቀቀ ዱቄት ስም የነበረው ቃል በአውሮፓ በአልኬሚስቶች እጅ ከረቂቅ ዱቄት ወደ ተነጠረ ፈሳሽ ተሸጋገረ። በ20ኛው መቶ ዘመን ደግሞ «አልኮሆሊክ» ከሚለው ቃል ጅራቱ ተቆርጦ «ወርካሆሊክ»፣ ማለትም የሥራ ሱሰኛ ተባለ፤ ዌይን ኦትስ የተባለ አሜሪካዊ በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ካዋለው በኋላም በሰፊው ተሠራጨ። መቀሱ ያረፈው የት እንደሆነ ልብ በሉ፤ በሥሩ ተነባቢዎች መካከል ነው። «ክ» ከ«አል» ጋር ሲቀር «ሕ» እና «ል» ብቻ ተወሰዱ። ሥርን በሦስት ተነባቢ ለለመደ ጆሮ ይህ አጥንት መስበር ነው። ሆኖም «-ሆሊክ» ዛሬ ሱስ የሚል ትርጉም የተሸከመ ቅጥያ ሆኗል፤ «ሾፓሆሊክ» እና «ቾኮሆሊክ» ወልዷል። የዘር ሐረጉን ቆጥረን ብንከራከር የሚሰማን የለም።

ስምን ምንም ሳይቀጥሉበት ግሥ ማድረግም በእንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ ቋንቋው የጥንት ርባታውን በአብዛኛው ስለጣለ ቃሉ የክፍሉን ምልክት አይሸከምም። «ጉግል» የሚለው የድርጅት ስም በ2006 በኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግሥ ሆኖ ገባ። እኛ ያለ አጋዥ ግሥ አይሆንልንም፤ «ጉግል አደረግሁት» እንላለን።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ፈቃጁ ማን ነው የሚል ነው። ፈረንሳይኛ አካዳሚ አለው፤ እንግሊዝኛ የለውም። በ1833 በኬምብሪጅ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ኮልሪጅ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች «ፈላስፋ» መባላቸውን ተቃወመ፤ ዊልያም ሂወል ደግሞ «አርቲስት» በሚለው አምሳል «ሳይንቲስት» የሚል ስም አቀረበ። ቃሉ ወዲያው አልተወደደም፤ በብሪታንያ ብዙ ምሁራን ለአሥርት ዓመታት ተጸይፈውታል። ይኸው ሂወል በማግስቱ ዓመት ለማይክል ፋራዴይ «አኖድ» እና «ካቶድ» የሚሉትን ሲያቀብለው ግን ያለ ብዙ ሙግት ሰረጹ። ልዩነቱ ከውበት የመጣ አይመስለኝም። ፋራዴይ ለሚሠራው ነገር ስም አጥቶ ቸግሮት ነበር፤ የተመራማሪዎቹ ወንበር ግን ቀድሞውኑ ተይዞ ነበር።

ዛሬ ድርሰት ሳርም «የለም» ብዬ አልጽፍም። ወንበሩን የያዘውን ቃል ከጎኑ እጽፋለሁ፤ ተማሪው ሕያውን ሥርዓት ተከትሎ ከሆነም ነጥብ አልቀንስም። ይህን ልቅነት ነው የሚሉ ባልደረቦች በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ሙግታቸውም ባዶ አይደለም፤ ተማሪው ነገ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ አንባቢው ስለ ሥነ ምዕላድ አይጠይቀውም፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል እንጂ። ስለዚህ ቃሉን አርማለሁ፤ የማልቀጣው አስተሳሰቡን ነው።

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት ተማሪ ስብሰባው ከቀኑ ቀደም ብሎ ይደረግ ለማለት «ፕሪፖን» ብላ ጻፈች። «ፖስትፖን» ካለ ተቃራኒው ይኖራል ብላ ማስላቷ ነው። እስክሪብቶዬን ካነሣሁ በኋላ ቆም አልኩና በዚህ ጊዜ መዝገበ ቃላቱን ራሴ ገለጥኩ። ቃሉ በሕንድ እንግሊዝኛ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት ሆኖ ተመዝግቦ አገኘሁት። እስክሪብቶዬን ከደንኩ።