ሐዘን የቀየሳት ከተማ



እ.ኤ.አ. ከ117 እስከ 138 ሮማን የገዛው ሐድርያኖስ ግንባታ ወዳድ ንጉሠ ነገሥት ነበር። በሰሜን ብሪታንያ 117 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የመከላከያ ግንብ በ122 የተጀመረው በእርሱ ትእዛዝ ነው። የመንግሥት ግዴታ የዘመኑን ብዙ ክፍል ከአውራጃ ወደ አውራጃ አዞረው፤ በሥርዓት ያገባት ሚስቱ ሳቢና ነበረች። ልቡ ግን ከታናሽ እስያ የመጣውን ወጣት አንቲኖስን ወደደ።

በ130 በግብፅ ሲጓዙ አንቲኖስ በዓባይ ወንዝ ሰጥሞ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ አለቃቀሱም ለወንድ የማይገባ ተደርጎ ተጻፈበት።

ሆኖም መንግሥት የንጉሡን ሐዘን ቆሞ አይጠብቅም። ሐድርያኖስ በዚያው ወንዝ ዳር በወዳጁ ስም አንቲኖፖሊስ የተባለችውን ከተማ ቆረቆረ። ከከተማዋም ተነሥቶ የምሥራቁን በረሓ የሚያቋርጥና በቀይ ባሕር ዳርቻ እስከ በረኒቄ የሚዘልቅ መንገድ አስጠረገ። በ137 በድንጋይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንደሚመሰክረው መንገዱ የውኃ ጉድጓዶች፣ ማረፊያዎችና የጥበቃ ሰፈሮች ነበሩት።

እንግዲህ ሐድርያኖስ ከግዴታና ከፍቅር አንዱን መርጦ ሌላውን አልጣለም፤ ግዴታውን በፍቅሩ ስም ፈጸመ። ሥራው የሞተውን አልመለሰለትም፤ የተጠማውን መንገደኛ ግን አጠጣ።