በባሕር ላይ የሚነበብ ዕድሜ

በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች ዙሪያ በመዝናኛ መርከብ፣ ማለትም መኝታን፣ ምግብንና ጉዞን አጣምሮ በሚያቀርብ ተንሳፋፊ ሆቴል፣ ለሳምንት የሚጓዝ ቤተሰብ፣ ከኦዋሁ ወደ ማዊ፣ ከዚያም ሃዋይ ወደምትባለው ትልቋ ደሴትና ወደ ካዋይ ሲሻገር፣ በምድር የዕድሜ መዝገብ ላይ ይመላለሳል። ደሴቶቹ የተወለዱት «ትኩስ ነጥብ» ከሚባለው፣ የቀለጠ አለት ከምድር ጥልቅ ክፍል ከሚወጣበት ስፍራ ሲሆን፣ የውቅያኖሱን ወለል የተሸከመው ግዙፍ የአለት ንጣፍ በየዓመቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚንሸራተት፣ ቀድሞ የተፈጠረው ደሴት ከእሳቱ ምንጭ እየራቀ ሌላው በቦታው ይተካል።

ስለዚህም 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ካዋይ በዝናብና በወንዝ ተሸርሽራ በጥልቅ ሸለቆዎቿና በለምለም ደኗ ስትታወቅ፣ 1 ሚሊዮን ዓመት ያልሞላት ትልቋ ሃዋይ ግን በኪላዌያ እሳተ ገሞራ ዛሬም አዲስ አለት ይፈጠርባታል። አያት፣ ወላጅና ልጅ አብረው ይህን ሲያዩ፣ የወጣትነት ኃይል በመገንባት፣ የዕድሜ ጸጋ ደግሞ በማለምለም እንደሚገለጥ፣ አንዱም ሌላውን ሊተካው እንደማይችል ይረዳሉ፤ የቤተሰብ ጉዞም ከመዝናናት አልፎ ትምህርት የሚሆነው ይህን መሰሉን ማስተዋል ለትውልዶች በአንድነት ሲያካፍል ነው።